በሊቶሪና ያደረ ጃንጥላ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 12 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለማሩ ጌጡ።

የአባቶችህ አምላክ በምትሄድበት ይቅደምልህ፣ በምታርፍበት ይከልልህ። እኔ አክስትህ ፈንታነሽ ደህና ነኝ። ገብሱ ገብቷል፣ ጤፉ ገና አውድማ አልወጣም። ላሚቱ ጥጃ ጥላለች።

ነጋዴው ኑሩ ደብዳቤህን ከበቅሎው ኮርቻ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። የመጀመሪያው ገጽ ንጹሕ ነው። በሁለተኛው ላይ ቸኩለሃል። እኔን አባቴ መሪጌታው ፊደል ሲያስቆጥሩኝ የቸኮለ እጅ በአለንጋ ይታረም ነበር። አንተን ያስተማርኩህ እኔ ነኝና ሰው ቢያየው የሚስቀው በኔ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራ ብለው በመኪና ጭነው ሲወስዱህ ድንጋይ ሲያስፈልጡህ ሊከርሙ ነው ብዬ አልቅሼ ነበር። አንተ ደግሞ አሥመራ ገብቼ ባቡር አጥባለሁ አልከኝ። ሥራ ነውና ሥራ አልነቅፍም። ነገር ግን «እንደ ዓይኔ እጠብቃታለሁ» ብለህ ጽፈሃል። ለማን ነው የምትጠብቃት? አባትህ እነዚህን ሰዎች ሊመክት ወጥቶ አልተመለሰም። ልጁ ባቡራቸውን ሲወለውል ለጎረቤት ምን ብዬ ልንገር? ይህን በሚገባ አስረዳኝ።

አንድ ነገር ልንገርህ። በሕይወት ተመልሰህ ደጄን ብትረግጥ ለደብራችን ለኢየሱስ የከፋይ ጃንጥላ ላስገባ ተስያለሁ። ከፋዩን ኑሩ ከጎንደር አመጣልኝ። ዘርፉን ራሴ ሰፍቼ ጨርሻለሁ። የቀረው ያንተ መምጣት ነው። ለደብረ ታቦር በዓል እጠብቅሃለሁ።

አክስትህ ፈንታነሽ

*

አሥመራ፣ ጥር 25 ቀን 1932 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ፈንታነሽ።

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ከደጅዎ በረከት አይራቅ። እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ደብዳቤ በዝግታ እየጻፍኩ ነው።

ለማን እንደምጠብቃት ጠየቁኝ። መጀመሪያ እሷን ላሳውቅዎ። ሊቶሪና ይሏታል። እንደ ሌላው ባቡር ጭስ እየተፋ የሚጎትታት የላትም። ራሷም አካሏም አንድ ሆኖ፣ ሆዷ ውስጥ ባለው ሞተር በናፍጣ ትሄዳለች። ፊቷ የጭነት መኪና ፊት ይመስላል፣ ጎኗ ከዳር እስከ ዳር መስኮት ነው። ከአሥመራ ወደ ምጽዋ ስትወርድ ብልሽት ቢያገኛት ብለው እኔን ከኋላ አቁመው ይወስዱኛል። አክስቴ፣ ያን መንገድ ቢያዩት! ከተማውን ለቀቅ እንዳልን መሬቱ ያልቅና ጉሙ ይጀምራል። ከታች ምንም አይታይም። ሐዲዱ በጉሙ ላይ የተዘረጋ ይመስላል። ዋሻ ውስጥ ስንገባ ይጨልምና ስንወጣ በለስ ላይ የተቀመጡ ዝንጀሮዎች ቁልቁል ያዩናል። ከዚያ ደግሞ ጉም።

ወንበሮቿ ቀይ ቆዳ ናቸው። የኛ ሰው አይቀመጥባቸውም። የኛ ሰው ሲሳፈር ሌላ ሠረገላ አለው፣ ሳንቃ ነው። እኔ እነዚያን ወንበሮች በየቀኑ እወለውላለሁ፣ አንድም ቀን ተቀምጬባቸው አላውቅም። ድልድዩን ተሸክመው ያቆሙት፣ ዋሻውን የፈለፈሉት ግን ያገሩ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ማን የት ላይ እንደወደቀ ያሳዩኛል። ጌቶቿ የሚያልፉ ይመስለኛል። የኛ ሰው የሚቀመጥባት ቀን ሲመጣ ብረት ክምር ሆና እንዳትጠብቀው ነው። የምጠብቃት ለዚያ ነው። ይህን በኑሩ እጅ እንጂ በፖስታ ስለማልልከው በነጻነት ጻፍኩ።

የሐሙሲት ተወላጁ ሞላ እዚሁ ከኔ ጋር ይሠራል። ትናንት መስታወት ስወለውል አይቶኝ፣

«አንተ ማሩ፣ ሚስት ብታገባ እንዲህ ታጥባታለህ?» አለኝ።

«ሚስቴ ራሷ ትታጠባለች።»

«እንግዲያው ይችኑ አግባና አርፈህ ተቀመጥ» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ።

ለበዓሉ ፈቃድ እጠይቃለሁ።

ልጅዎ ማሩ

*

ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1932 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሩ።

የጌታ ትንሣኤ ብርሃን በቤትህ ይግባ። እዚህ ሰላም ነው ልበልህ።

መልስህን ተቀብያለሁ። ጎረቤት ሲጠይቀኝ ግን «ዕቃ ጠባቂ ነው» ብቻ እላለሁ። የቀረውን የሚያስረዳ ትዕግሥት ያለው ጎረቤት የለኝም።

ያ የጻፍከው ጉም ወደ ቤቴ ገባ። ሊቶሪናዋን በሕልሜ አየኋት። በጉና ተራራ በኩል ነው የመጣችው፣ ሐዲድ የላትም። በገብሱ ላይ ስታልፍ ዛላው አይጎነበስም። ድምፅዋ ከሩቅ እንደሚሰማ የንብ ቀፎ ነው። ደጄ ላይ ቆመች። ውስጧ ማንም የለም፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው። እግሬን አንሥቼ መወጣጫዋን ስፈልግ ነቃሁ። ከዚያ ወዲህ ደጋግማ ትመጣለች፣ እኔም ደጋግሜ ሳልሳፈር እቀራለሁ።

ስለዚህ የምጠይቅህን በትክክል መልስልኝ። መወጣጫዋ ከፍ ይላል? ላሮጊት ጉልበት ይሆናል? የሚጨበጥ ነገር አላት? የኑሩ ሚስት ሀዋ ደግሞ «ሴቶች ለብቻ የሚቀመጡበት አላት ወይ?» ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች። «የኛ ሰው መቼ ተፈቀደለትና!» ብላት፣ «ሲፈቀድ ብዬ ነው እንጂ፣ አሁን ማን አለ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ቀለሙ ስለቀጠነ አሳጠርኩ።

አክስትህ ፈንታነሽ

*

አሥመራ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1933 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ፈንታነሽ።

ክረምቱን እንዴት አለፉት? እግዚአብሔር ከቁርና ከክፉ ወሬ ይሰውርዎ።

ለበዓሉ አልመጣሁም። ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳላውቅ ወራቱ አለፉ። ሌላ ጦርነት ተጀምሮ ባሕሩ ተዘግቷል። ናፍጣ የሚያመጣ መርከብ የለም። ያለው ሁሉ ለጦሩ ሆነና ሊቶሪናዎቹ ቆሙ። የኔዋን ከጣቢያው ዳር ካለ ቆርቆሮ ቤት አስገብተው ረሷት። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣ በሩ ግን ከታች በስብሷል።

መኪና የሚሞተው በሥራ ሳይሆን በመቆም ነው። ሞተሯ እንዳይጣበቅ በየሳምንቱ በእጄ አዞረዋለሁ። ውኃዋን አፍስሻለሁ። የሚያስፈራኝ ዝገቱ አይደለም። ችግር ገብቷል። አጠገቧ የነበረችው እኅቷ አንድ ሰሞን ዞር ብዬ ስመለስ ወንበሯ ጫማ፣ የመዳብ ቧንቧዋ ድስት ሆኗል። ማንንም አልወቅስም፣ ባዶ እግር የሚሄድ ሰው ነው የወሰደው። የኔዋ ግን እንዲህ ከሆነች እስከዛሬ የጠበቅሁት ሁሉ ባዶ ነው። ሌት ተቀን አጠገቧ ልቁም ብል ደግሞ ለእንጀራዬ ሌላ ሥራ ይዤአለሁ።

በጎ ፈቃድዎ ቢሆን ሰም ይላኩልኝ። የደራ አገር ንብ ሰም ይሻላል። የሞተሯን ቀዳዳዎች ልደፍንበት፣ የሚያብለጨልጨውን ብረት ልቀባበት ነው።

መወጣጫዋ ከፍ ይላል፣ ግን የሚጨበጥ የነሐስ ዘንግ አላት። ለሀዋም ይንገሩልኝ፣ መጨረሻው በኩል የሚዘጋ ክፍል አለ።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ መስመሮች ወደ ታች ወርደው አየሁ። ዓይንዎ ደህና ነው?

ልጅዎ ማሩ

*

ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሩ።

የልደቱ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን፣ የምትፈራው ሁሉ ይለፍህ።

ሰሙን ልኬአለሁ፣ ተጣርቷል። ከሰሙ ጋር በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታገኛለህ። አትደንግጥ። ጃንጥላው ነው።

ሳስበው ከረምኩ። በሩ የበሰበሰ ቤት ቁልፍ አይጠብቀውም። ሰዉ ግን ለኢየሱስ የተሳለ ዕቃ ያረፈበትን ቤት አይደፍርም። ስለዚህ አለቃ ካሳሁን ዘንድ ሄድኩ። በልጅነት ከአባቴ እግር ሥር አብረን ዳዊት የደገምን ሰው ናቸው፣ አሁን የደብሩ አለቃ ናቸው።

«የኢየሱስን ጃንጥላ ለጣሊያን ባቡር ልታለብሽው ነው?» አሉኝ።

«ባቡሩ ጣራ አለው፣ የጎደለው ጠባቂ ነው» አልኳቸው።

«ስለቱ የማን ነው?»

«እስኪገባ የኔ፣ ሲገባ የኢየሱስ።»

«ታዲያ መንገድ ላይ ያለ ዕቃ ሽቅብ ወደ አሥመራ ምን ይሠራል? መንገዱ ከቤትሽ እስከ ደብሩ አይደለም?»

«ስለቱ ስለ ማሩ ነው። ማሩ ባለበት ቢቆይ፣ ሲመጣ በገዛ እጁ ይዞት ቢመጣ ምን ነውር አለው?»

ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩ። «ልጅ ሆነሽም እንዲህ ነበርሽ፣ አባትሽ ብቻ ነበሩ የሚችሉሽ» አሉና ፈቀዱ። ግን በቃል አሠሩኝ። ጃንጥላው እንዳይዘረጋ። በሌላ ሰው እጅ እንዳይመለስ። አንተ ራስህ እንድታመጣው።

አሁን እንደምልህ አድርግ። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ አጋድመው። ነጠላውን አትግለጠው፣ ዘርፉ ብቻ ይታይ። ለሚጠይቅህ «ለኢየሱስ የተሳለ ነው፣ መንገድ ላይ ነው» በል። ሌላ ቃል አትጨምር፣ እውነቱ ይበቃል።

ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በወታደር ተሞልቷል። ኑሩ እንደሚያልፍ ይምላል።

አክስትህ ፈንታነሽ

*

አሥመራ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ፈንታነሽ።

ይህ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስዎ አላውቅም። በመካከላችን ጦር አለ። የሚያደርስ አምላክ በሕይወት ያግኝዎ።

አሥመራ ከጣሊያን እጅ ወጥታለች። አሁን እንግሊዞች ናቸው። ኑሩ ከዚያ በፊት ደርሶ ሰሙንም ጃንጥላውንም አስረክቦኝ ነበር። ሰሙ ሠርቷል፣ ብረቷን በጣቴ ስነካት የማር ሽታ ይሸተኛል። ጃንጥላውንም እንዳዘዙኝ አጋደምኩት።

ከተማው በተናወጠ ሰሞን ሞላ ቢላ ይዞ መጣ።

«ለአንድ ጥንድ ጫማ የሚበቃ ብቻ» አለኝ። «ከጀርባው በኩል እቆርጣለሁ፣ አይታይም።»

«ግባ፣ ምረጥ» አልኩት። ምን ላድርግ?

ገባ። ቆመ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«የአክስቴ ስለት ነው። ለኢየሱስ የተሳለ ነው፣ መንገድ ላይ ነው።»

ቢላውን ከቀበቶው ሥር መለሰና ባርኔጣውን አወለቀ። ሞላ ባርኔጣ ሲያወልቅ ያኔ ነው ያየሁት። ሲወጣ ግን አላስቻለውም፣ «ከኛ ወገን መጀመሪያ የተቀመጠባት ጃንጥላ ሆነ በለኛ!» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ብሎን አልጎደለባትም። ነገር ግን አክስቴ፣ ሌላ ጉድ መጣ። ሞላ ለሰው ተናገረ፣ ሰው ለሰው አወራ። በመጀመሪያ አንዲት እናት መጥተው በሩን ተሳለሙ። ቀጥሎ መወጣጫው ላይ ጧፍ ማብራት ተጀመረ። አንድ ወገቡን የታመመ ሰው ከሞተሯ ሥር ተኝቶ ተነሣና ለቀቀኝ አለ። አሁን ቅዳሜና እሑድ ሰልፍ ነው። «ስለት ነው እንጂ ሊቶሪናዋ መኪና ናት» እላቸዋለሁ። «ትሕትናው ነው» ይሉኛል። በጋኗ ውስጥ የናፍጣ ዝቃጭ አለ፣ ጧፉ ደግሞ ከሥሯ ነው የሚበራ። ከቢላ ያመለጠችው በእሳት እንዳትሄድ እፈራለሁ። ጃንጥላውን ባወጣው ቢላው ይመለሳል። ምን ይሻለኛል?

ስለ ዓይንዎ አልመለሱልኝም።

ልጅዎ ማሩ

*

ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ 20 ቀን 1933 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሩ።

ነጻ በወጣች አገር ሰላም ይድረስህ። ጣሊያን ከደብረ ታቦር እጁን ሰጥቶ ወጥቷል። ጎንደር ገና ነው። ኑሩ ይህን ደብዳቤ በሰቆጣ በኩል ዞሮ ያመጣልሃል።

ጽሕፈቱ የኔ እንዳልሆነ አይተሃል። የጎረቤቴ የዓለሚቱ ነው፣ እሷንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስለ ዓይኔ የምለው ይኸው ነው።

አሁን አድምጠኝ። ብረት አይሳለሙም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰውን በፍርሃት ላርቅ አሰብኩ፣ ፍርሃት ደግሞ የት ላይ እንደሚቆም አያውቅም። ጃንጥላውን ነገ ዛሬ ሳትል አውጣው። በቀን፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ እዚያው ካለችው ቤተ ክርስቲያን አግባው። ዘርጋው። «ስለቱ ገባ። ይህች መኪና ናት፣ ጧፍ አታብሩባት» ብለህ በግልጽ ተናገር።

አለቃ ካሳሁን «አንቺ የተሳልሽው ልጁ ደጅሽን ቢረግጥ ነው። ሳይመጣ ስለቱ ከገባ ምን ብለሽ ትጠብቂዋለሽ?» አሉኝ። «በሕይወት አለ፣ ይበቃኛል። ኢየሱስ እዚያም አለ» አልኳቸው። ያሠሩኝንም ቃል ፈቱልኝ። ዓለሚቱ ይህን ስትጽፍ ታለቅሳለች፣ ቀለሙን እንዳታበላሽ ነግሬአታለሁ።

ጃንጥላው ሲወጣ ቢላው ይመለሳል አልከኝ። በሩን ክፈትና ሰዉን አስቀምጠው። የሚሳለሟትም የሚቆርጧትም አንድ ምክንያት ነው ያላቸው፣ ተቀምጠውባት አያውቁም። ባለጫማውንም ባዶ እግሩንም አስገባ። ሞላን አስቀድመህ አስገባ፣ እሱ ከተቀመጠ በኋላ ያገኘውን ሁሉ «ወንበሬን!» እያለ ይጠብቅልሃል። ሐሙሲቶችን አውቃቸዋለሁ።

አክስትህ ፈንታነሽ፣ በዓለሚቱ እጅ

*

አሥመራ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ ፈንታነሽ፣ ለምታነብልዎም ለእኅቴ ለዓለሚቱ።

የጽጌ ጾም በረከት ይደርብዎ።

ጃንጥላው ገባ። ስዘረጋው ሰዉ እልል አለ። አንዳንዶቹ ተቆጡኝ፣ እኚያ የመጀመሪያዋ እናት «መድኃኒታችንን ወሰድክብን» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ «እማማ፣ ይምጡና ይቀመጡባት» አልኳቸው። የነሐስ ዘንጉን ጨብጠው ወጡ። ከመቀመጣቸው በፊት ነጠላቸውን ሰብስበው ወንበሩን አቧራ እንዳለው ሁሉ በእጃቸው ጠረጉት። ከዚያ ተቀመጡ። «ይሄ ነው?» አሉኝ። «ይኸው ነው።» «ደግ ነው» አሉና ጫማቸውን አወለቁ።

ከዚያ ማን ያቁመው! ሞላ መስኮቱን ያዘ። ድንጋይ ጠራቢዎቹ ሽማግሌዎች ወደ ፊት ሄደው ሐዲዱ በሚታይበት ተቀመጡ። የሙስሊም ሴቶች መጥተው መጨረሻው ያለውን ክፍል ዘጉት፣ ሳቃቸው እስከ ውጭ ይሰማ ነበር። ለሀዋ ይንገሩልኝ።

«ንዳት እንጂ!» አለኝ ሞላ።

«ናፍጣ የለም።»

«እኛ ምን ሆነን ነው?» ብሎ ወረደ። ሌሎቹም ተከትለውት ወረዱ፣ ሽማግሌዎቹና ሴቶቹ ብቻ ውስጥ ቀሩ። እኔ ፍሬኑን ፈታሁ። ትከሻቸውን ሰጡ። መጀመሪያ አልነቃነቅም አለች። ከዚያ አንድ ጊዜ አቃሰተችና ለቀቀች። በጣቢያው ግቢ ትንሽ ቁልቁለት አለ፣ እዚያ ስትደርስ መግፋቱ ቀረ። ከቁልቁሉ በኩል ጉሙ እየወጣ ነበር። ሞተር የለ፣ ጩኸት የለ፣ በጉሙ ውስጥ ዝም ብላ ሄደች። የሚገፉት እጃቸውን ሳያነሡ ከጎኗ ይራመዱ ነበር። ከመስኮቶቹ ያየኋቸው ፊቶች እርስዎ በሕልምዎ ባዶ ያዩአቸውን ወንበሮች የሞሉ መሰሉኝ። ግቢው ጫፍ ላይ ፍሬኑን ያዝኩ። ማንም አልወረደም።

ያን የሰማ የእንግሊዞቹ አስተዳደር ሰው መጥቶ አያት። ከቆሙት ሁሉ ሞተሯ በእጅ የሚዞረው የኔዋ ብቻ ናት። ሰሙን አስጠርጎ ናፍጣ አስመጣላት። ከሳምንት በፊት በምጽዋ መንገድ እስከ ነፋሲት ወርዳ ተመልሳለች። ሞላ አሁን ትኬት ቆራጭ ነው፣ ወንበር ላይ እግሩን የሚያነሣ ሰው ወዮለት። እኔን መካኒኳ አደረጉኝ።

ስለዚህ መቅረቴን እንዴት እንደምነግርዎ አላውቅም።

ልጅዎ ማሩ

*

ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1934 ዓ.ም.

ለልጄ ለማሩ።

ጎንደርም ተለቀቀች፣ መንገዱ ተከፈተ። የከፈተው ይመስገን፣ አንተንም በመንገድህ ሁሉ ያጽናህ።

ና አልልህም። ስለቱ ገብቷል፣ ካንተ ጋር ሒሳብ የለኝም። የሚጠብቃት ሌላ እጅ ስታሠለጥን ያኔ ትመጣለህ። እኔ ካለሁ እሰየው። ከሌለሁ ዓለሚቱ የቤቴን ቁልፍ ትሰጥሃለች።

ደብዳቤህ ጥሩ ነው። አልቸኮልክም። ዓለሚቱ ስታነብልኝ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ አሁን መጨፈንና መግለጥ ለኔ ብዙ አይለያይም። ሴትዮዋ ጫማቸውን ሲያወልቁ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ ፊት ሲሄዱ፣ ሴቶቹ በሩን ሲዘጉ ሁሉንም አየሁ። ሀዋ የመጨረሻውን ክፍል ደግማ ደጋግማ አስነብባ «እኔም እዚያ ነበርኩ ማለት ነው» ብላ ሄደች።

አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። ማን የት እንደተቀመጠ ጽፈሃል። አንተ የት እንደተቀመጥክ አልጻፍክም። ዓለሚቱን ከላይ እስከ ታች መልሼ አስነበብኳት፣ የለም። ፍሬን ፈታሁ ብለሃል፣ ፍሬን ያዝኩ ብለሃል፣ ከመስኮት አየሁ ብለሃል። እስከ ነፋሲትም ስትወርድ ከኋላ ቆመህ እንደሄድክ አሁን አወቅሁ።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ እጅህን ታጠብ። በሚቀጥለው ቀን ሊቶሪናዋ ስትነሣ ተሳፈር። የወደድከውን ወንበር ምረጥ። የምትወለውልበትን ጨርቅ ይዘህ አትግባ። ተቀመጥና ጉሙን እይልኝ።

አክስትህ ፈንታነሽ፣ በዓለሚቱ እጅ